ጥላ በበዛበት ትንሽ ግቢ ሳር እንዴት ይበቅላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሠርቶ ትንሽ ባዶ መሬት የተረፈችው ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ሳር ነው። ልጆች ይንከባለሉበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ይቀንሳል። ችግሩ ያቺ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ውስጥ መሆኗ ነው። በአንድ በኩል የብሎኬት አጥር አለ። በሌላ በኩል የጎረቤት ፎቅ ቆሟል። መሃል ላይ ደግሞ ማንም ሊቆርጠው የማይፈልገው አቮካዶ አለ። ሐምሌ ላይ የተተከለው ሳር ጥቅምት ላይ ያምራል፣ ታኅሣሥ ላይ ይሳሳል፣ በዓመቱ ግማሹ መሬት ራቁቱን ይቀራል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ውሃ ይጨምራል፣ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ አትክልተኛ ይቀይራል። የጎደለው ግን ብርሃን ነው። ብርሃን ያጣ ሳር በውሃና በዩሪያ ብዛት አይድንም፣ እንዲያውም ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚጀምረው ከመሬቱ ሳይሆን ከፀሐዩ ነው። ብርሃኑን ለክታችሁ፣ ሳሩን ብርሃን በሚደርስበት ቦታ ብቻ ከተከላችሁ፣ ትንሽ ግቢም የሚያምር ሳር ይኖረዋል። ከዚህ በታች ያለው በአዲስ አበባና ተመሳሳይ አየር ባላቸው የደጋ ከተሞች ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው።

1. ፀሐዩን ለኩ

ወረቀት ላይ ግቢያችሁን ሳሉና አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከፋፍሉት። ደመና የሌለበት ቀን ምረጡ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በየሰዓቱ ብቅ እያላችሁ ፀሐይ ያረፈበትን እያንዳንዱን ካሬ በአንድ ጭረት ምልክት አድርጉበት። ቅዳሜ ወይም እሁድ ቤት የምትውሉ ከሆነ ምንም ድካም የለውም። ማታ ላይ ጭረቶቹን ቁጠሩ። በቅጠል መሃል ነጠብጣብ ሆኖ የሚደርሰውን ፀሐይ እንደ ግማሽ ቁጠሩት።

6 ጭረትና ከዚያ በላይ ያለው ካሬ የፈለጋችሁትን ሳር ያበቅላል። ከ4 እስከ 5 ያለው ጥላ የሚችል ሳር ይፈልጋል። ከ4 በታች የሆነው ላይ ሳር አትትከሉ። ለእሱ ሌላ መላ አለ፣ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

አንድ ቀን መለካት ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነች። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢና ነሐሴ ማለቂያ ላይ። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፣ መውረዷም ብዙ ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 3 ሜትር ቁመት ያለው አጥር ወደ ሰሜን 2 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። 12 ሜትር የሆነ የጎረቤት ሕንፃ ከ7 ሜትር በላይ ይጥላል። ያው አጥር ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ይህን ያነሣሁት ለትክክለኛ ምክንያት ነው። ከግቢያችሁ በስተደቡብ አጥር ወይም ቤት ካለ፣ አጥሩ ሥር ያለው ጠባብ መሬት ፀሐይ በምትደምቅበት በበጋ ጥላ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ልታገኘው በምትችልበት በክረምት ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። ዓመቱን ሙሉ ይከስራል ማለት ነው። ያንን ሁለት ሜትር ከአሁኑ ከሳሩ ዕቅድ አውጡት። መስከረም ላይ የለካችሁ ከሆነም ታኅሣሥ ላይ እንደገና ብቅ ብላችሁ እዩት።

ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝና ከሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታም እኩል አይደሉም። በክረምት ሰማዩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ጠዋት ላይ ነው፣ ዝናቡ ከሰዓት ይመጣል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የተከፈተ ግቢ ያለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው። የጠዋት ፀሐይ ጤዛውን ቶሎ ስለሚያደርቅ ሳሩን ከሻጋታም ያድነዋል።

2. ብርሃን ጨምሩ

የጎረቤትን ፎቅ ማሳጠር አይቻልም። ዛፍን ግን መግረዝ ይቻላል። ከመሬት እስከ 2 ሜትር ወይም 2 ሜትር ተኩል ያሉትን የታችኛውን ቅርንጫፎች አንሱ። ጠዋትና ማታ አግድም የሚመጣው ፀሐይ በዚያ በኩል ይገባል። ከዚያ ከላይ የተጠላለፉትንና የደረቁትን አሳሱ። በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ቅጠል ከሩብ በላይ አትቁረጡ፤ ዛፉ ይደነግጥና ከግንዱ ብዙ ቀምበጥ አውጥቶ ከበፊቱ የባሰ ጥላ ይሠራል። ከፍ ብሎ መውጣት የሚጠይቅ ከሆነ ወይም የመብራት ሽቦ አጠገብ ካለ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ሁለተኛው መላ ቀለም ነው። ያልተቀባ የብሎኬት ግድግዳ ብርሃን ይውጣል። ነጭ ቀለም ወይም ኖራ ሲቀባ ያንኑ ብርሃን ወደ መሬቱ ይመልሳል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፣ በተለይ ከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ከሆነ። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። እኔ ሳር ከመግዛቴ በፊት አጥሩን እቀባለሁ።

አቮካዶ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። የአቮካዶ ቀጫጭን ሥሮች ከመሬቱ ገጽ ብዙም አይርቁም፤ ሥሩ ላይ ስትቆፍሩ ትበጣጥሷቸዋላችሁ። ሳሩን ብላችሁ አዘውትራችሁ ብታጠጡ ደግሞ ሥሩ ሊበሰብስ ይችላል። ወፍራም ቅጠሉ ሲረግፍ ሳሩን ያፍናል፣ ለራሱ ለዛፉ ግን እርጥበት የሚይዝ ልብስ ነው። አቮካዶው ሥር ሳር አታስቡ። የራሱን ቅጠል ትታችሁለት ዙሪያውን በድንጋይ ክበቡት። ባሕር ዛፍ ሥርም እንደዚሁ ነው፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ቅጠሉም ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያደርጋል።

3. ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ

ጥላ ውስጥ ያለ መሬት ቶሎ አይደርቅም። ውሃ ከተኛበት ደግሞ የሳሩ ሥር አየር ያጣል። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው የሚቆምበትን ቦታ ተመልከቱ። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ሳሩ ላይ የሚፈስ ከሆነ መጀመሪያ አሸንዳውን አስተካክሉ። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ቀስ ብሎ መዝቀጥ አለበት፤ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በክር፣ በሁለት ችካልና በግንበኛ ውሃ ልክ ማስተካከል ትችላላችሁ።

30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት። ሲጠጣ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ አድሮም ካልጠለቀ መሬታችሁ ውሃ አያሳልፍም ማለት ነው፣ ስለዚህ ሳሩ የሚተከልበትን አፈር ከአካባቢው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ።

4. አፈሩን አዘጋጁ

አዲስ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የግንባታውን ጉድ አውጡ። የሲሚንቶ ቅርፊት፣ የብሎኬት ስብርባሪ፣ ገረጋንቲ፣ ሚስማር፣ ፌስታል፣ ሁሉም ከላዩ በተበተነ ቀይ አፈር ተሸፍኖ ይቀመጣል። በዶማ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ልቀሙት። የሲሚንቶ ቡኬት የተቦካበት ቦታ ካለ ያንን አፈር ጨርሶ አውጥታችሁ ቀይሩት።

ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሳለ ከረገጣችሁትና ከቆፈራችሁት እንደ ጡብ ይጠነክራል። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ለሥራ ደርሷል። ጭቃ ሆኖ ከተጣበቀ ጥቂት ቀን ጠብቁ። መረሬን ለማላላት ትንሽ አሸዋ መጨመር አይረዳም፣ ይብስ ያጠነክረዋል። የሚረዳው ብስባሽና በደንብ የተብላላ ፍግ ነው። ለ10 ካሬ ሜትር 5 ወይም 6 ጆንያ አስመጡና በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በትናችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉት። ፍጉ ሽታው የጠፋ፣ ሲነካ የማይሞቅ፣ እንደ አፈር የሚፈረፈር መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ዛፍ ሥር ሲሆን አትቆፍሩ። ወፍራም ሥር ከተቆረጠ ዛፉ ይጎዳል። ከላይ በሬክ ቧጨር አድርጋችሁ 3 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ ብቻ አልብሱት። ግንዱን ግን አፈር እንዳይነካው።

5. ሳሩን ምረጡ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ሻጩ ያለውን ይሸጥላችኋል። ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪኩዩ ነው። ኪኩዩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው፣ የኛም ደጋ አገሩ ነው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቢረግጡት አይሞትም። ፀሐይ ካለ ከእሱ የተሻለ አልፈልግም። ጥላ ግን አይሆንለትም።

አጥር ሥር ከበቀለ ኪኩዩ አንዷን ሐረግ አንሱና እዩ። ፀሐይ ላይ ያለችው ሐረግ አንጓዋ የተቀራረበ ነው፣ ከየአንጓው ሥር ሰዳ መሬቱን ቆንጥጣለች፣ ቅጠሏ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥላ ውስጥ ያለችው አንጓዋ ተራርቋል። ቅጠሏ ቀጭንና ገርጣ ያለ ነው። ከመሬት ሳትያያዝ ወደ ብርሃኑ አንጋጣለች፣ በትንሽ ጉተታም ትነሣለች። ያለቻትን ምግብ ሁሉ ለመርዘም አውላዋለች። እንዲህ ያለ ሐረግ ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ኪኩዩ መተካት ገንዘብ ማባከን ነው። ሰርዶ ደግሞ ጥላን ከኪኩዩም ባሰ አይወድም፤ ቤርሙዳ እየተባለ የሚሸጠውም የዚያው የሰርዶ ወገን ነው።

ከ4 እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ለሚያገኝ ቦታ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ሴንት ኦገስቲን የሚባለው ሰፊ ቅጠል ሳር ነው። ሻጮች በተለያየ ስም ስለሚጠሩት በስሙ ሳይሆን በመልኩ እወቁት። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፣ ጫፉ አይሾልም፣ ክብ ነው። አገዳው ወፍራምና ጠፍጣፋ ሆኖ መሬት ላይ ይሳባል። በዘር ሳይሆን በሐረግ ይተከላል። ሲነካ እንደ ኪኩዩ አይለሰልስም፣ ብዙ መረገጥም አይወድም። ጥላን ግን ከሞቃት አገር ሳሮች መሃል በደንብ ከሚችሉት አንዱ ነው።

ሌላው ፌስኩ ነው። ይህ የቀዝቃዛ አገር ሳር ነው፣ የሚስማማው ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ያለ ሙቀት ነው። የአዲስ አበባ አየር ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ከውጭ በዘር ይመጣል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ድብልቅ ከሆነ አብዛኛው ፌስኩ መሆኑን አረጋግጡ፣ የሚያበቃበትን ቀንም እዩ። ያረጀ ዘር አይበቅልም። ፌስኩ በጋ ላይ ውሃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ሰው ሰፊ ቅጠሉን ቢመርጥ ይሻለዋል።

6. መቼ ይተከል?

ልማዱ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ስላለ። ፀሐይ ላለበት ቦታ ሐምሌ ጥሩ ነው። ጥላ ላለበት ግን መስከረም ይበልጣል ባይ ነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያችው ትንሿ ብርሃን በደመና ትሸፈናለች፣ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ይቀዘቅዛል፣ አዲስ ሐረግ ሥር ሳይሰድ ይበሰብሳል። መስከረም ላይ ደመናው ይገፈፋል፣ አፈሩ ውስጥ የክረምቱ እርጥበት አለ። ከሁሉም በላይ ፀሐይ ገና አናት አካባቢ ስለሆነች የአጥር ጥላ አጭር ነው። ሳሩ ታኅሣሥ ሳይደርስበት ሥር ይሰዳል።

ተከላው ከበዓል ጋር ስለሚገጣጠም የእንቁጣጣሹ በግ አዲሱ ሳር ላይ እንዳይታሰር። ያልያዘ ሐረግ ከነሥሩ ይነቅላል፣ ሽንቱም ያቃጥላል።

7. ተከላ

ሐረግ ከሆነ ከመትከላችሁ በፊት ጥላ ቦታ አስቀምጡት፣ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። የተገዛበት ቀን መተከል አለበት። 2 ወይም 3 አንጓ ያለው ቁራጭ ያዙ፣ ቢያንስ አንዱ አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ከላይ ይቅር። ፀሐይ ላይ በ25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ጥላ ውስጥ ሳሩ ቀስ ብሎ ስለሚሰፋ በ15 ሳንቲ ሜትር አቀራርቡት። ዙሪያውን በእግር ጫና ጫና አድርጋችሁ አፈሩን አያይዙት።

የፌስኩ ዘር ለአንድ ካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃዋል። ግማሹን ከላይ ወደ ታች፣ ግማሹን ከግራ ወደ ቀኝ ብትበትኑት እኩል ይዳረሳል። በሬክ ቀስ አድርጋችሁ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር አልብሱት፣ በላዩ ስስ የጤፍ ጭድ በትኑበት። ጭዱ ወፎችን ያዘናጋል፣ እርጥበትም ይይዛል። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል።

ለሁለቱም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የላይኛው አፈር እንዳይደርቅ በቀን አንድ ጊዜ በመርጫ አርጥቡት። በጎማ በኃይል አታጠጡ፣ ዘሩን አንድ ቦታ ይከምረዋል። ሁለት ወር ሙሉ ማንም አይርገጠው።

8. ከያዘ በኋላ

ጥላ ውስጥ የያዘ ሳር ከሚሞትባቸው ምክንያቶች አንዱ አጭር መታጨዱ ነው። ቅጠሉ የብርሃን መሰብሰቢያው ነው። ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አስቀሩት፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። አጫጁ ሰው "ልላጨውና ቶሎ አይረዝምም" ካላችሁ እሺ አትበሉት። ለትንሽ ግቢ ማሽን አያስፈልግም፣ የተሳለ የአጥር መቀስ ይበቃል። ማሽን ካለ ምላጩን መጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጉት።

ውሃ በጋ ላይ በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ጣታችሁን 5 ሳንቲ ሜትር አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡ። ስታጠጡ ግን አጥግቡት፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለ2 ካሬ ሜትር። ጊዜው ጠዋት ነው። ማታ የጠጣ ሳር እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ሻጋታውም ያኔ ነው የሚገባው። የልብስ እጣቢ፣ በተለይ በረኪና የገባበት፣ ሳሩ ላይ እንዳይደፋ።

ማዳበሪያ ይቀነስ። ዩሪያ ሲበዛበት ጥላ ውስጥ ያለ ሳር ለስልሶ ይረዝምና ይወድቃል። መስከረምና ሚያዝያ ላይ ለ10 ካሬ ሜትር 50 ግራም ዩሪያ፣ ማለትም 4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ የሳሩ ቅጠል ደረቅ ሳለ በትናችሁ ወዲያው ውሃ አጠጡት። ስስ ብስባሽ ብትበትኑ ዩሪያውም ይቅር።

የወደቀ ቅጠል በየሁለት ሦስት ቀኑ ይጠረግ፣ በተለይ ግራቪሊያ ያላችሁ። ማገጥ በሳሩ መሃል ብቅ ቢል አትንቀሉት። አረንጓዴ ነው፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል። ሰው የሚመላለስበት መስመር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሳሩ ጋር እኩል አድርጋችሁ ቅበሩ፤ ጥላ ውስጥ የተረገጠ ሳር ቶሎ አያገግምም። አንዱን ሰፋ ያለ ድንጋይ ቡና ለሚፈላበት ቦታ አድርጉት። የከሰል ማንደጃ ሳር ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ድረስ ያቃጥላል።

9. ሳር ለማይሆንበት ቦታ

ከ4 ጭረት በታች ያገኙት ካሬዎች ባዶ መቅረት የለባቸውም። ክሊቪያ ጥላ ውስጥ ብርቱካናማ አበባ ያወጣል፣ ለዓመታት ይቆያል። ፈርን እርጥብ ጥግ ይወዳል። ሞንዶ ግራስ ከሩቅ ሲያዩት ሳር ይመስላል፣ መታጨድም አይፈልግም፤ ዋጋው ግን ወደድ ስለሚል ከሳሩ ዳር በጠባብ መስመር ብትጀምሩት እየተከፋፈለ ይበዛላችኋል። ስፓይደር ፕላንት ከጎረቤት በነፃ ይገኛል። ይህም ካልሆነ ጠጠር አልብሱት፤ ነጣ ያለ ጠጠር ከሆነ ብርሃን ወደ ሳሩ ይመልሳል።

የሳሩንና የጠጠሩን ድንበር በጡብ ወይም በኮብልስቶን ለዩት። መስመሩ ቀጥ ያለ ባይሆንም ግድ የለም፣ ጥላው የሚያልፍበትን ተከተሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የሳሳውን ቦታ ከደህናው በተቆረጠ ሐረግ ወይም በአዲስ ዘር ሙሉት። አንድ ቦታ ሁለት መስከረም ተሞልቶ ሁለቴም ከሳሳ፣ ጡቡን ወደ ሳሩ በኩል አስጠጉና ለክሊቪያው ስጡት።